ለፓንክ ሙዚቃ የሚሆን ኤሌክትሪክ ጊታር፦ ገንዘቡ ምኑ ላይ ይዋል?

አዲስ አበባ፦ ሽለላና ፉከራ እየሰማ ያደገ ጆሮ ፓንክ የሚባለውን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያደምጥ ሙሉ በሙሉ ባይተዋር አይሆንም። ፉከራ አጭር ነው፤ ፈጣን ነው፤ ቁጣና ኩራት ይቀላቀሉበታል፤ የፎካሪው ጉሮሮ የሚከፈተው ለማማር ሳይሆን ለማስደንገጥ ነው። ፓንክም በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒውዮርክና በለንደን የተወለደው በዚሁ ጠባይ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዘፈኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ አይዘልሉም። ጊታሩም አያባብልም፤ ይገርፋል።

ዝምድናው በንግግር ብቻ የቀረ አይደለም። አንጋፋው የሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከፎካሪው አንደበት ወስደው በሳክስፎን ያስተጋቡ ባለሙያ ነበሩ። በ1979 በኔዘርላንድ የተመሠረተው ዘ ኤክስ የተባለ የፓንክ ባንድ በ2002 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ተዘዋውሮ ተጫወተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከጌታቸው ጋር ተጣምሮ በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አወጣ። ጌታቸው ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሰባ አልፎ ነበር። በ2012 «የአንበሳው ትዝታ» ተከተለ። እኒህን ሥራዎች ያደመጠ ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ፦ ጊታሮቹ ከሳክስፎኑ ጋር በዜማ አይሽቀዳደሙም፤ ከሥሩ ሆነው እንደ ከበሮ ይመታሉ፣ ይፈጫሉ፣ ፎካሪውን እንደሚያጅበው ሕዝብ «በለው» ይላሉ።

እንዲህ ያለውን ድምፅ ማውጣት የሚሻ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በየካ ክፍለ ከተማ ከቀበና እስከ ኮተቤ ባሉ ሰፈሮች የሚኖር ወጣት የመጀመሪያ ጊታሩን የሚያገኘው በጥቂት መንገዶች ነው። ወይ ከመርካቶ አዲስ ይገዛል፤ ወይ ያገለገለ ከሌላ ተጫዋች ይረከባል፤ ወይ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይልክለታል። ገንዘቡ ቀላል አይደለም። ገጠር ያለ አባት ለልጁ ብሎ የባሕር ዛፍ አጣና ሸጦ ወይም በግ አውጥቶ የሰጠው ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ያ ገንዘብ ለሚያብረቀርቅ ቀለምና ለታወቀ ስም ከዋለ በኋላ መሣሪያው ሲሰካ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉመተምት፣ ሲመቱት ቃናው የሚጠፋ ሆኖ ሲገኝ፣ ጥፋቱ የገዢው ችሎታ ማነስ ተደርጎ ይወሰዳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የምርጫው ነው። ገንዘቡ አስቀድሞ መዋል ያለበት ክሩን በሚሰማው ክፍልና ለደኅንነት በሚያሰጋው የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ሲሆን፣ የእንጨቱ ውበት መጨረሻ ላይ ሊደርስ ይችላል።

ክሩን የሚሰማው ክፍል ፒክአፕ ይባላል። ስሙ ከጭነት መኪናው ጋር ቢመሳሰልም ሥራው ሌላ ነው። በጊታሩ ሆድ ላይ ከክሮቹ ሥር የተቀመጠ ማግኔት ሲሆን፣ ከሰው ፀጉር በቀጠነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሞበታል። የብረቱ ክር በማግኔቱ አጠገብ ሲርገበገብ በመዳቡ ጥቅል ውስጥ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ያ ኤሌክትሪክ በገመድ ወደ አምፕሊፋየር ሄዶ ይጎላል፤ ከዚያም በድምፅ ማጉያው በኩል ይወጣል። የብስክሌት ዲናሞ መብራት የሚያበራው በዚሁ ሕግ ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ኃይል የሚያመነጨውም ማግኔትንና የመዳብ ጥቅልን አጠገብ ለአጠገብ በማንቀሳቀስ ነው። ልዩነቱ በግድቡ ማግኔቱን የሚያሽከረክረው የዓባይ ውኃ ሲሆን፣ በጊታሩ ግን የሚንቀሳቀሰው ክሩ መሆኑ ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራና ለገበያ የበቃ የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ጊታር በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ሲወጣ ቅርጹ ክብ ሆድና ረጅም እጀታ ስለነበረው ሰዎች «መጥበሻው» ብለውት ነበር።

ከዚህ ሕግ አንድ ነገር ይከተላል። ማግኔት የሚሰማው ብረትን ብቻ ነው። በተለመደው ክራር ላይ የሚወጠረው የናይለን ክር ወይም የቀድሞው የአንጀት ጅማት በማግኔት ፒክአፕ ፊት ቢርገበገብ አንዳች ድምፅ አይወጣም። ክራርን ኤሌክትሪክ ማድረግ የሚሹ ተጫዋቾች ወይ የብረት ክር ይወጥራሉ፤ ወይም የእንጨቱን ንዝረት በቀጥታ የሚቀበል ሌላ ዓይነት መሣሪያ ይለጥፉበታል። ለንደን ውስጥ ተመሥርቶ ክራርን በኤሌክትሪክ አጉልቶ ለምዕራቡ ዓለም መድረክ ያቀረበው ክራር ኮሌክቲቭ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአንጻሩ የናይለን ክር ያለበትን ክላሲክ ጊታር ገዝቶ «በኋላ ፒክአፕ አስገጥምበታለሁ» ብሎ ማሰብ ለፓንክ ፈላጊ ከንቱ ወጪ ነው።

ፒክአፕ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፤ ባለ አንድ ጥቅልና ባለ ሁለት ጥቅል። ባለ አንድ ጥቅሉ ጥርት ያለና ስለታማ ድምፅ አለው፤ ዳሩ ግን የክሩን ንዝረት ብቻ አይሰማም። በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈውን የመብራት መስመር፣ የፍሎረሰንት መብራቱን፣ የስልክ ቻርጀሩን ሁሉ አብሮ ይሰማል። የኢትዮጵያ የመብራት ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ ይህ ጥቅል 50 ኸርዝ የሆነ ወፍራም ጉምጉምታና ብዜቶቹን ይዞ ይመጣል። ሽቦው ያረጀ፣ አንድ ሶኬት ላይ በዲቫይደር ብዙ ዕቃ የሚሰካበት ቤት ከሆነ ደግሞ ጉምጉምታው ይበረታል።

በ1955 የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ ሴት ላቨር ለዚህ ችግር መላ አበጀ። ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ የሽቦአቸውን አቅጣጫና የማግኔታቸውን ዋልታ አፋለሰ። የክሩ ድምፅ በሁለቱም ጥቅሎች ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ይደመራል፤ ከውጭ የሚገባው ጉምጉምታ ግን በአንዱ ወደዚህ በሌላው ወደዚያ ስለሚሆን ይጣፋል። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች ወደ ፊት ሲስቡ ጉልበታቸው ይደመራል፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ እኩል ቢገፋ ግን ቀንበሩ ካለበት አይነቃነቅም። ይህ ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ በሙዚቀኞች ዘንድ ሀምበከር ይባላል፤ ትርጉሙም ጉምጉምታን የሚያስቀር ማለት ነው።

ለፓንክ ይህ ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ መልሱ በዝምታው ውስጥ ነው። የፓንክ ጊታር የሚጫወተው ዲስቶርሽን በሚባለው መንገድ አምፕሊፋየሩን ከአቅሙ በላይ በመግፋት ነው። በዚህ ጊዜ ትንሹም ድምፅ ከትልቁ እኩል ሊጎላ ይደርሳል። ተጫዋቹ መዳፉን በክሮቹ ላይ አሳርፎ ለቅጽበት ዝም ሲያሰኛቸው ሙዚቃው በስለት እንደ ተቆረጠ ማቆም አለበት። ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ከሆነ ግን በዚያች ቅጽበት ጉምጉምታው ክፍተቱን ይሞላዋል፤ የቁጣው ስለት ይደንዛል። ስለሆነም የመብራት መስመሩን እንደ ልቡ ማስተካከል ለማይችል ተከራይ በብሪጁ አጠገብ ሀምበከር ያለበት ጊታር የተሻለ ምርጫ ነው።

ይህ ማለት ግን ሌላው ሁሉ ውድቅ ነው ማለት አይደለም። በ1940ዎቹ ወደ ገበያ የወጣው ፒ-90 የተባለው ሰፊ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ከሁለቱ መካከል የቆመ፣ ሻካራና የሚነክስ ድምፅ ያለው ነው። ጊብሰን በ1954 ለጀማሪ ተማሪዎች ብሎ ያወጣው ሌስ ፖል ጁኒየር አንድ ፒ-90 ብቻ የተገጠመለት፣ ጌጥ የሌለው መሣሪያ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ የኒውዮርክ ፓንኮች ፈልገው የያዙት ይህንኑ የተማሪ ጊታር ሆነ። የራሞንስ ጊታር ተጫዋች ጆኒ ራሞንም በ1974 የገዛው ሞዝራይት ጊታር ከ50 ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ዋጋ ብቻ ነበረው። ርካሽ በመሆኑና ሌላው ሰው ስላልያዘው ነበር የመረጠው። በዚያ ዓይነት መሣሪያ የተቀዳው ድምፅ ዛሬ ድረስ የፓንክ ጊታር መለኪያ ነው። ውድ ያልሆነ ጊታር የያዘ ወጣት በዚህ ታሪክ ሊጽናና ይችላል።

ፍጥነቱንና ቁጣውን ይበልጥ ያገፉት ደግሞ ለኢትዮጵያውያን በሌላ መንገድ ቅርብ ናቸው። ባድ ብሬይንስ የተባለው ባንድ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ ተነሣ። አባላቱ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ የራስ ተፈሪያንን እምነት ተቀበሉ። በ1982 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለማትን ይዟል። ሙዚቃቸው ከራሞንስም የፈጠነ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ከዚያ ፍጥነት ወደ ረጋ ያለ ሬጌ ይወርዱ ነበር። ጊታሩ ለሁለቱም መታዘዝ ነበረበት።

ፍጥነት ሲባል በቁጥር ማየቱ ይጠቅማል። በደቂቃ 180 ምት በሚሄድ ዘፈን በእያንዳንዱ ምት ሁለት ጊዜ ክሩ ይመታል ቢባል በደቂቃ 360፣ በሰከንድ 6 ምት ይሆናል። ጆኒ ራሞን ይህን የሚያደርገው እጁን ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለሰ ሳይሆን ሁልጊዜ ወደ ታች ብቻ እየመታ ነበር። ክራር በጣት ሲደረደርና በመግረፊያ ሲገረፍ ያለውን ልዩነት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የግርፉ ኃይል የሚመጣው ምቱ ሁሉ እኩል ክብደት ሲኖረው ነው።

እዚህ ላይ ፒክአፕ ሲመረጥ የሚፈጸም ስሕተት አለ፤ «በጣም ኃይለኛውን ስጠኝ» ማለት። ኃይለኛ የሚባሉት ፒክአፖች ሽቦአቸው ብዙ ጊዜ የተጠመጠመ ነው። ጥምጥሙ ሲበዛ ድምፁ ይጎላል፤ ቀጫጭኑና ጥርት ያለው ድምፅ ግን እየተዋጠ ይሄዳል። በሰከንድ ስድስት ጊዜ የሚመታ እጅ የእያንዳንዱን ምት መነሻ ለይቶ ማሰማት ካልቻለ ውጤቱ ፍጥነት ሳይሆን ጭቃ ይሆናል። መካከለኛው መንገድ ይመረጣል። የመዳቡን ጥቅል ተቃውሞ በቴስተር መለካት ግምት ለመውሰድ ይረዳል፦ የተለመዱ ባለ አንድ ጥቅሎች ከ5 እስከ 8 ኪሎ ኦም፣ የጥንቱ ዓይነት ሀምበከሮች ከ7 እስከ 9 ገደማ፣ ኃይለኞቹ ከ12 እስከ 17 ያነባሉ። ቁጥሩ የሽቦውን ርዝመትና ቅጥነት እንጂ የድምፁን ጥራት አይናገርም፤ በመሆኑም ሁለት የማይመሳሰሉ ፒክአፖችን በዚህ ቁጥር ብቻ ማወዳደር አያስኬድም። ማግኔቱም የራሱ ድርሻ አለው። ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት ቅይጥ የሚሠራው አልኒኮ ለስለስ ያለ ጠርዝ ሲኖረው፣ ሴራሚክ የሚባለው ጠንካራና የጠበቀ ድምፅ ይሰጣል። ሴራሚክ ብዙውን ጊዜ ርካሽ ነው፤ ለዚህ ሙዚቃ ደግሞ ርካሹ የሚያሳፍር አይደለም።

ፒክአፑ የተቀመጠበት ቦታ ከዓይነቱ ባልተናነሰ ይወስናል። ከአንገቱ አጠገብ ያለው ክሩ በሰፊው ከሚወዛወዝበት ስለሚሰማ ድምፁ ክብና ሞቃት ነው፤ ለትዝታ ይስማማል። ክሮቹ የሚታሰሩበትን ብሪጅ ተጠግቶ የተቀመጠው ግን ክሩ ከተወጠረበት ጠርዝ ስለሚሰማ ድምፁ ደረቅና ነካሽ ይሆናል። ፓንክ የሚጫወተው በዚህኛው ነው። ብዙ የፓንክ ተጫዋቾች ከብሪጁ ፒክአፕ በቀር ሌላውን ከነጭራሹ አይነኩትም። ስለዚህ ሦስት ፒክአፕ ያለው ጊታር አንድ ካለው ሦስት እጥፍ አይሻልም። ገንዘብ ሲያጥር አንዱን ብሪጅ ላይ ያለውን ብቻ መለወጥ በቂ ነው፤ ሥራው በሊድ መበየድ የሚችል ራዲዮ ጠጋኝ የሚጨርሰው ነው። ሀምበከር ሲገባ የድምፅ መቆጣጠሪያው 500 ኪሎ ኦም፣ ባለ አንድ ጥቅል ሲገባ 250 ኪሎ ኦም መሆኑ የተለመደ ነው። ይህን ለጠጋኙ አስቀድሞ መንገር ከተደጋጋሚ ምልልስ ያድናል።

ምንም ሳይገዛ በካቻቢቴ ብቻ የሚገኝ ለውጥም አለ። በፒክአፑ ግራና ቀኝ ያሉት ብሎኖች ከፍታውን ይቀይራሉ። ክሩ በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭኖ ሳለ ከፒክአፑ ጋር ያለው ርቀት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በላይ ሲርቅ ድምፁ ይሳሳል። ሲቀርብ ደግሞ ማግኔቱ ክሩን ወደ ራሱ እየሳበ ቅኝቱን ያዛባል። ብዙ ርካሽ ጊታሮች «ድምፅ የላቸውም» ተብለው የሚጣሉት ይህ ርቀት ሳይስተካከል ነው።

እንጨቱን በተመለከተ ክርክሩ ብዙ ነው። ክፍት ሆድ ባለው ጊታርና በክራር ድምፁን የሚወልደው የእንጨቱ ሣጥን ነው። ሆዱ ድፍን በሆነ ኤሌክትሪክ ጊታር ግን ፒክአፑ የሚሰማው የብረቱን ክር ንዝረት ስለሆነ፣ የእንጨቱ ዓይነት በድምፁ ላይ ያለው ድርሻ ከፒክአፑና ከአምፕሊፋየሩ እጅግ ያነሰ ነው። እንጨቱ የሚወስነው ክብደትንና ጽናትን ነው። ፋብሪካዎች ማሆጋኒ፣ አልደር፣ ባስውድና ሜፕል የመሳሰሉትን የሚመርጡት በደንብ ደርቀው ቅርጻቸውን ስለሚይዙ ጭምር ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ የእንጦጦን ተራራ ያለበሰው ባሕር ዛፍ ለዚህ ሥራ አስቸጋሪ ነው። ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፤ ምስማሩን በእርጥብነቱ ያልመታ ገበሬ በኋላ የሚገጥመውን ያውቃል። በአገር ውስጥ የጊታር አካል ሊሠራ የሚያስብ እንጨት ሠሪ ካለ ዓይኑን ቢጥል የሚሻለው ለከበሮና ለቤት ዕቃ ወደሚውለው ዋንዛ ነው።

አንገቱ ከሆዱ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትርን የሚያልፍ ደጋ ነው። በበጋው አየሩ ይደርቃል፤ ክረምት ሲገባ ጭጋግና እርጥበት ወር ሙሉ ከቤት አይወጡም። የጊታሩ አንገት ይህን ሲከተል ጥቂት ይጎብጣል ወይም ወደ ኋላ ይለመጣል። በአንገቱ ውስጥ የተቀበረ ማስተካከያ ብረት አለ። በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ እያዞሩና እያሳደሩ ይስተካከላል፤ በጉልበት ያዞረው ሰው ግን አንገቱን ይሰብራል። በመሆኑም ያገለገለ ጊታር የሚገዛ ሰው አንገቱን በጠርዙ በኩል እንደ ጠመንጃ አልሞ ማየት፣ ማስተካከያ ብረቱም መዞር አለመዞሩን ማረጋገጥ ይኖርበታል። ክሮቹም በእርጥበት ይዝጋሉ፤ ከተጫወቱ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ዕድሜያቸውን ያረዝማል።

ብሪጁ የማይንቀሳቀስ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። በብረት ዘንግ የሚወዛወዘው ብሪጅ ለሌላ ሙዚቃ ጌጥ ነው፤ በኃይል በሚመታ እጅ ሥር ግን አንድ ክር በተበጠሰ ቁጥር የቀሩት አምስቱ ቅኝታቸውን ይስታሉ። የክሩ ውፍረት ለጀማሪ በተለምዶ 10 የሚባለው ሲሆን ቀጭኑ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ወፍራሙ 1.17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እጁ የከበደ ተጫዋች 11 ቢያስገባ ክሩ ሲመታ አይዋልልበትም።

ስለሚመታው ነገርም አንድ ቃል። ፓንክ በአብዛኛው የሚጠቀመው አንድን ድምፅና ከእርሱ አምስተኛ የሆነውን ብቻ በአንድነት መምታት ነው። ሦስተኛው ድምፅ ከተጨመረ በዲስቶርሽን ውስጥ ይጋጫል፣ ይቆሽሻል። የሚገርመው፣ አምስት ድምፆች ካሉት የትዝታ ሜጀር ቅኝት ውስጥ አራቱ አምስተኛቸውን እዚያው ቅኝት ውስጥ ያገኛሉ። ቅኝቱን ሳይለቅ በፓንክ ግርፍ መምታት የሚሻ ወጣት በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። በ2012 «ኤርታሌ» የተሰኘ አልበም ያወጣው ጃኖ ባንድ የኢትዮጵያን ዜማ ከሮክ ጊታር ጋር ማጣመር እንደሚቻል አሳይቷል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የመብራቱ ጉዳይ ነው። ከአሜሪካ የሚላክ አምፕሊፋየር አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። የኢትዮጵያው መስመር 220 ቮልት ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ትንሽ አስማሚ ስፒና የእግሩን ቅርጽ እንጂ ቮልቴጁን አይለውጥም። በዚያ አስማሚ የተሰካ የአሜሪካ አምፕሊፋየር ዕድለኛ ከሆነ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ካልሆነ ትራንስፎርመሩ ይነዳል። ዘመድ ከመላኩ በፊት በጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቦ እንዲናገር መጠየቅ ይገባል። «100–240» የሚል ከሆነ ይሠራል፤ «120 ቮልት 60 ኸርዝ» ብቻ የሚል ከሆነ 220ውን የሚያወርድ፣ አቅሙም ከአምፕሊፋየሩ ፍጆታ የላቀ ትራንስፎርመር መግዛት ግዴታ ነው። የዚያ ዋጋ ሲደመር እዚሁ የተገኘ አነስተኛ አምፕሊፋየር ሊረክስ ይችላል። ለመኝታ ቤት ልምምድ 10 ወይም 15 ዋት ይበቃል፤ ለጎረቤትም ይተርፋል።

የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው ግን ኤርዝ ነው። የጊታሩ ክሮች በብሪጁ በኩል ከአምፕሊፋየሩ የብረት አካልና ከመሬት መስመሩ ጋር የተያያዙ ናቸው። አምፕሊፋየሩ ውስጥ ብልሽት ቢፈጠርና ቤቱ ኤርዝ ባይኖረው፣ መስመሩ በክሮቹ ላይ ይቀራል። ተጫዋቹ ክሩን እንደያዘ በከንፈሩ ከሌላ መስመር የተሰካ ማይክራፎን ሲነካ ኤሌክትሪኩ በሰውነቱ ውስጥ ያልፋል። ስቶን ዘ ክሮውስ የተባለው የስኮትላንድ ባንድ ጊታር ተጫዋች ሌስሊ ሃርቪ በ1972 በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ሳለ ሕይወቱ ያለፈው ኤርዝ የሌለው ማይክራፎን በመንካቱ ነበር። ከጎረቤት ቆጣሪ በተሳበ መስመር በሚኖርበት ቤት ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት መኖሩ ብቻውን ኤርዝ ስለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም፤ ባለሙያ በቴስተር ሊያየው ይገባል። ጊታሩም ማይክራፎኑም ከአንድ ዲቫይደር ቢሰኩ፣ መስመሩም 30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ ሲያገኝ የሚቆርጥ መቁረጫ ቢኖረው አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ጉምጉምታውን ለማጥፋት ሲባል የስፒናውን የኤርዝ እግር መቁረጥ በአንዳንድ ተጫዋቾች ዘንድ የሚመከር ቢሆንም፣ ድምፁን አጥፍቶ ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ምክር ነው።

ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው ካቻቢቴ፣ ቴስተርና የጊታር ገመድ ይዞ ቢሄድ ነውር የለበትም። መጀመሪያ ሳይሰካ በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ክሩን እየተጫነ ቢመታ የሚንጫረረውን ፍሬት ያገኘዋል። ቀጥሎ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ሙሉ ከፍቶ በገመዱ ጫፍ ላይ በቴስተር ይለካል። ከላይ ከተጠቀሱት ቁጥሮች ጥቂት ዝቅ ብሎ ካነበበ ጥቅሉ ደኅና ነው፤ ዜሮ ካነበበ መስመሩ ተገናኝቷል። 250 ወይም 500 ኪሎ ኦም ከሆነ ደግሞ ጥቅሉ ተበጥሶ ቴስተሩ እየለካ ያለው መቆጣጠሪያውን ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ አምፕሊፋየር ላይ ሰክቶ የካቻቢቴውን ጫፍ በሁለቱም ጥቅሎች ላይ ቀስ እያደረገ ያንኳኳል። ሁለቱም እኩል «ጧ» ካላሉ አንዱ ጥቅል ሞቷል፤ ያ ሀምበከር ጉምጉምታውን አያስቀርም። ይህን ሁሉ ለመፈተሽ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ሻጩ ፈተናውን ከከለከለ ደግሞ ጊታሩን እዚያው ትቶ መሄድ ነው።